የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን፦ የዲዛይን ቡድን የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 3 ቀን 2016፣ ጅማ

በጎማ ወረዳ የሚገኝ አንድ የቡና አምራቾች ማኅበር በሰዓት 500 ኪሎ ግራም እሸት ቡና የሚፈለፍል፣ በአይሱዙ ተጭኖ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ሊዘዋወር የሚችል ማሽን እንድንሠራለት ከድርጅታችን ጋር ውል ተፈራርሟል። የማስረከቢያው ቀን መስከረም 30 ሲሆን ዋጋው ሞተሩን፣ የውሃ ፓምፑንና ማጓጓዣውን ጨምሮ በ185,000 ብር ተቆርጧል። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ቀይ ፍሬ መለቀም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው፤ የተለቀመ እሸት ደግሞ በዕለቱ ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ ይሞቅና ጣዕሙ ይበላሻል። ማሽኑ ከዘገየ ማኅበሩ የመጀመሪያውን ለቀማ እንደለመደው በጀንፈል (ከነቅርፊቱ) አድርቆ ለመሸጥ ይገደዳል።

የዲዛይን ቡድኑን እንድመራ የተመደብኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከእኔ ሌላ አራት ባለሙያዎች አሉ፤ አንዷ መሐንዲስ ፍሬሙን፣ ሁለተኛው እሸቱን የሚፈለፍለውን ከበሮና ከፊቱ የሚቆመውን መጭመቂያ ሳህን፣ ሦስተኛውና ብዙ ልምድ ያለው የኃይል ማስተላለፊያውን፣ ባለፈው ዓመት የተመረቀው አራተኛው ደግሞ የእሸት መቀበያውንና የውሃ መስመሩን ይዘዋል። አጠቃላዩን የመገጣጠሚያ ድሮዊንግና የማረጋገጡን ሥራ ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ከበሮው በደቂቃ 160 ዙር ያህል እንዲዞር ወስነናል። እዚህ ገበያ በቀላሉ የሚገኘው ባለ አራት ፖል ሞተር በደቂቃ 1,420 ዙር ስለሚዞር ፍጥነቱን ወደ አንድ ዘጠነኛ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን በአንድ ቺንጋ ማድረግ እጅግ ትልቅ ፑሊ ስለሚጠይቅ በሁለት ደረጃ ተከፈለ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ 80 እና 240 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያላቸው ፑሊዎች ይገባሉ። ውጤቱ 158 ዙር ነው፤ በ1.5 ኪሎዋት ሞተር በከበሮው ዘንግ ላይ የሚደርሰው ጉልበት 90 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሰኔ 21

ወርክሾፑ ዛሬ የመቀበያውን ላሜራ የቆረጠው ከተሻረው ድሮዊንግ ነው። ፋይሎቹ የሚተላለፉት በፍላሽ ሲሆን በአንዱ ማኅደር ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች አገኘሁ። የጠፋው ግማሽ ሉህ ላሜራ ብቻ ስለሆነ ቀላል ጥፋት ነው፤ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ድሮዊንግ በስሙ ሳይሆን በቁጥርና በማሻሻያ ፊደል ይታወቃል፤ ቀይ ማኅተም የሌለው ወረቀት ወርክሾፕ አይገባም፤ አዲስ ወረቀት የሚሰጠውም አሮጌው ሲመለስ ብቻ ነው። አሮጌውን መልሶ መሰብሰቡ ከማኅተሙ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ሠራተኛ የለመደውንና በእጁ መለኪያ ያሰፈረበትን ወረቀት በኪሱ ያቆየዋል።

ሐምሌ 9

የወሩ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ዋናው ተጠያቂም እኔ ነኝ።

ከበሮውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለት የጎን ሳህኖች ተመሳሳይ አይደሉም፤ በአንዱ ላይ የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ መቀመጫና የቺንጋ መወጠሪያ ቀዳዳ አለ። ዛሬ ተበይዶ የመጣው ሳህን ልክ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ነበር፤ መቀመጫው በውጭ መሆን ሲገባው በውስጥ ሆኗል። ወደ ብየዳ ክፍሉ ወርጄ ኃላፊውን ስጠይቃቸው ድሮዊንጉን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ እኔ ወረቀቱ ያለኝን ነው የበየድኩት» አሉ። ልክ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንጠቀምበት የሶሊድወርክስ (የድሮዊንግ ሶፍትዌር) ቴምፕሌት ሲጫን በሰርድ አንግል፣ ማለትም ገጽታዎች በወረቀት ላይ ከሚደረደሩባቸው ሁለት ስልቶች በአንዱ፣ ተቀምጦ ኖሯል፤ በዚህ አሠራር ከግራ የታየው ገጽታ የሚሳለው ከፊት ገጽታው በግራ በኩል ነው። ኃላፊው የተማሩትና ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ፈርስት አንግል ግን ከግራ የታየውን ገጽታ በቀኝ በኩል ያስቀምጣል። ሁለቱን የሚለየው ከስም ሰሌዳው አጠገብ የሚቀመጠው የተቆረጠ ሾጣጣ ምልክት ብቻ ሲሆን እኛ ሰሌዳውን ለድርጅቱ ዓርማ ቦታ ስናመቻች ያንኑ ምልክት አጥፍተነዋል። ቅርጹ ለዓይን የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር፤ ሳህኑ ግን በሁለቱም ንባብ ትርጉም የሚሰጥ ስለሆነ የሚያስጠነቅቅ ነገር አልነበረም።

ድሮዊንጉን የፈረምኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩት ዓርብ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሌሎች ዘጠኝ ወረቀቶች ጋር ነበር፤ መጠኖቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ምልክቱን ግን አልፈለግሁትም። ባለ 6 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ኤሌክትሮድና የሁለት ቀን የሥራ ዋጋ ተደምሮ 14,300 ብር ሆኗል። ሳህኑን ፈትቶ ለመመለስ ሞክረን ነበር፤ ብየዳው በግራይንደር ሲላቀቅ ላሜራው ስለተጣመመ ተውነው።

የተደረገው ለውጥ፦ ቴምፕሌቱ ወደ ፈርስት አንግል ተቀይሯል፤ ምልክቱም ከዓርማው በፊት ቦታ ተሰጥቶታል። በተጨማሪም ግራና ቀኝ ያላቸው ክፍሎች ሁሉ በወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ የሦስት አቅጣጫ ሥዕል ይኖራቸዋል፤ ለኃላፊው ሳሳያቸው «ይቺ ብትኖር ኖሮ ቆሜ እጠይቃችሁ ነበር» ብለዋል።

ሐምሌ 16

ማኅበሩ ማሽኑ ከሚዞርባቸው ሦስት ቀበሌዎች በሁለቱ ሦስት ፌዝ መብራት እንደሌለ አሁን አሳውቆናል። ይህ በውሉ ጊዜ መጠየቅ የነበረበት ጉዳይ ነው፤ ጠያቂዎቹ ደግሞ እኛ ነበርን። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሞተሩ በቤንዚን ሞተር ይተካል።

አዲሱ ምሩቅ ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ሞተር መርጦ መጣ፤ ስሌቱም መፈልፈያው 2፣ ፓምፑ ደግሞ 0.75 ፈረስ ጉልበት ስለሚፈልጉ 3 ይበቃል የሚል ነው። በባሕር ጠለል ቢሆን ያስኬድ ነበር። ማሽኑ የሚሠራበት ቦታ ግን ስልካችን እንዳሳየን 1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ስለሚያጣ 19 በመቶው ይቀንሳል፤ የሚተርፈው 2.4 ነው። በዚያ ላይ በሞተሩ ላይ የተጻፈው ጉልበት የሚገኘው በደቂቃ 3,600 ዙር ሲሆን እኛ ከዚያ ዝቅ አድርገን ልናዞረው ነው። ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበቱን፣ ግማሽ ፍጥነት የሚያወጣ ጊርቦክስ ካለው ጋር መረጥን፤ ሞተሩ በ2,850 ዙር ሲሄድ ከጊርቦክሱ 1,425 ስለሚወጣ ፑሊዎቹን መቀየር አላስፈለገንም። ስሌቱን ራሴ አልሠራሁለትም፤ የሞተሩን መመሪያ ሰጥቼ ስለ ከፍታ የሚለውን ገጽ ፈልጎ እንዲያነብ ብቻ ነገርኩት፤ በማግሥቱ ጠዋት አርሞ ይዞት መጣ።

ሐምሌ 29

ከሳምንት በፊት፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የብረት ሻጮች ዋጋ የሚናገሩት ለዕለቱ ብቻ ነው። በሰኔ 16,500 ብር የጠየቁን ባለ 1.2 ሚሊሜትር የስቴንለስ ሉህ ዛሬ 23,800 ሆኗል፤ ሦስት ሉህ ያስፈልገን ነበር። የእኛ ዋጋ ግን በውል ታስሯል።

ቀኑን ሙሉ አምስታችንም የዕቃ ዝርዝሩን በረድፍ በረድፍ አየነው። ስቴንለሱ እሸት በሚነካቸው ክፍሎች ላይ ብቻ እንዲቀር ተወሰነ፤ የውሃ መውረጃው ክዳን፣ የቺንጋው መከለያና የገለፈት መውጫው ወደ ተራ ላሜራ ተቀየሩ። ፍሬሙ ከ50 በ50 ቱቦላሬ ወደ 40 በ40 በ4 አንግል ብረት ወርዷል። ይህን ለውጥ የፍሬሙ መሐንዲስ አልወደደችውም፤ አንግል ብረት በመጠምዘዝ ረገድ ከዝግ ቱቦላሬ በብዙ እንደሚደክምና በአይሱዙ ላይ በጠጠር መንገድ እንደሚናወጥ ተከራከረች። እኔ ሁለት ሰያፍ ማጠናከሪያ ይጨመርበት ብዬ ውሳኔውን አጸናሁት። (በመስከረም የተጨመረ፦ ልክ የነበረችው እሷ ናት፤ ዝቅ ብሎ ይታያል።)

ሌላም ትምህርት አለ። በሐምሌ እርጥበት ፕራይመር ያልተቀባ ላሜራ በአንድ ሌሊት ዝገት ያወጣል፤ ስለዚህ ተራ ላሜራ በገባበት ሁሉ የቀለም ዋጋና የማድረቂያ ቀን መጨመር ነበረብን፤ ከቁጠባው ሲሶው በዚህ ሄዷል።

ነሐሴ 8

ከበሮው የሚለብሰው መዳብ ላይ ያሉትን ጉብታዎች የምናወጣበት ወንዴና ሴቴ ሻጋታ በቶርኖ ተሠርቶ ጠንካራ እንዲሆን ተቃጥሏል። ጉብታዎቹ ጥሩ ወጡ። ከዚያ ሉሁን በሦስት ሮለር ማጠፊያ ስናሳልፈው ሮለሮቹ ጉብታዎቹን ደፈጠጧቸው። መጀመሪያ አጥፎ ከዚያ ማውጣትም ተሞከረ፤ ሻጋታው በተጠማዘዘ ሉህ ላይ ስለማይቀመጥ አንዱ ጉብታ ከሌላው ይለያያል። በመጨረሻ የተሳካው ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሉሁ በእንጨት መዶሻ እየተመታ በከበሮው ላይ በእጅ ተጠቀለለ፤ በመኪና ጭነት ማሰሪያ ተወጥሮ ጫፉ በሪቬት ተያዘ።

የሚፈተንበት ቡና ግን የለም። በነሐሴ በጅማ ዙሪያ በዛፍ ላይ ያለው ፍሬ አረንጓዴና ድንጋይ ነው። አንዱ ጀንፈል ለ24 ሰዓት ዘፍዝፈን እንሞክር አለ፤ እኔም ተስማማሁ፤ 20 ኪሎ ገዛን። የተዘፈዘፈ ጀንፈል ያብጣል እንጂ እሸት አይሆንም፤ የቀይ ፍሬ ቅርፊት በትንሽ ግፊት የሚንሸራተተው ከሥሩ ያለው ሙጫ ሕያው በመሆኑ ነው፤ ጀንፈል ላይ ያ ሙጫ ደርቆ ቅርፊቱን ከፍሬው ጋር አጣብቆታል። በከበሮውና በመጭመቂያ ሳህኑ መካከል ያለውን ክፍተት እያጠበብን እያጠበብን 2.4 ሚሊሜትር ስናደርሰው መፈልፈል ጀመረ፤ ይህንኑ ቁጥር በድሮዊንጉ ላይ ጻፍነው። ባንጽፈው ይሻል ነበር።

ነሐሴ 22

የኃይል ማስተላለፊያውን የያዘው ባልደረባችን ለተሻለ ደመወዝ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አልፈርድበትም። የተወልን የኤክሴል ፋይል ቁጥሮቹን እንጂ ከየት እንደመጡ አይናገርም፤ «1.4» የሚል ቁጥር በሦስት ቦታ ያባዛል፤ የሥራ ጫና ማባዣ ይሁን የደኅንነት መጠን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀን፤ በመጨረሻም ደውለን ጠየቅነው፤ በአንድ ደቂቃ መለሰልን፤ የጫና ማባዣው ነበር።

በዚያው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ለፊርማ የሚጠብቁ 27 ድሮዊንጎች ቆጠርኩ። ከእነዚህ ውስጥ አሥሩ ከሳምንት በላይ ቆይተዋል። ወርክሾፑ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው በመብራት መጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ በእኔ ነው። ከሐምሌው ስህተት በኋላ ሁሉንም ራሴ ካላየሁ ብዬ ስለነበር ጥንቃቄው ራሱ ሌላ መዘግየት ሆኗል፤ የከበሮውን የመገጣጠሚያ ድሮዊንግም እስካሁን የምሥለው እኔ ነኝ።

የፍሬሙ መሐንዲስ በአንድ ገጽ ላይ 11 ጥያቄዎች ጽፋ አመጣች፦ የትንበያው (የሾጣጣው) ምልክት አለ ወይ፣ ግራና ቀኝ ተለይቷል ወይ፣ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ አለ ወይ፣ መለኪያው በወርክሾፑ ባለው መሣሪያ ይለካል ወይ፣ የመሳሰሉት። ከአሁን በኋላ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ድሮዊንግ በዚህ ገጽ አይተው ይፈርማሉ፤ ወደ እኔ የሚመጣው ሁለት ሰዎች የያዟቸው ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። የመገጣጠሚያ ድሮዊንጉንም ለእሷ አስረክቤያለሁ። 27ቱ በአራት ቀን አለቁ።

ጳጉሜን 3

የከበሮው ዘንግ በዩሲፒ 206 ኩሽኔታ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ቀለበቱ በዘንጉ ላይ መዞር የለበትም፣ ግን ይዞራል። የዘንጉ መጠን «30» ተብሎ ብቻ ስለተጻፈ ቶርኖ ሠራተኛው በአይኤስኦ 2768 (የሚፈቀደው ልዩነት ባልተጻፈበት ጊዜ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ) መካከለኛ ደረጃ ሠርቶታል፤ ይህ ለ30 ሚሊሜትር 0.2 ወደላይና ወደታች ይፈቅዳል። የሠራው 29.82 ነው፤ በሕጉ መሠረት ትክክለኛ ዘንግ ነው።

የከበሮው ኃላፊ በመጀመሪያ ያረመው 0.013 ብቻ የሚፈቅድ መጠን በመጻፍ ነበር። የወርክሾፑ ካሊፐር ግን የሚያነበው እስከ 0.05 ስለሆነ ይህ ለሠራተኛው ሊለካው የማይችለውን ማዘዝ ነው። በብሎን ለሚያዝ ኩሽኔታና ለዚህ ቀርፋፋ ዙር ከ30 እስከ 29.948 ድረስ ይበቃል፤ ይህን ለመለካትም ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ከመርካቶ በ4,200 ብር ገዝተን ስንመለስ እስከ 25 ሚሊሜትር ብቻ የሚለካ ሆኖ አገኘነው። የሄድኩት እኔ ነኝ። ሻጩ በ300 ብር ጭማሪ ከ25 እስከ 50 በሚለካው ለወጠልኝ።

መስከረም 22 ቀን 2017

ከመስቀል በኋላ ከቆላማው በኩል የመጀመሪያው ቀይ ፍሬ መጣ። 100 ኪሎ ገዝተን በወርክሾፑ ግቢ ሞከርን። በነሐሴ በጻፍነው 2.4 ሚሊሜትር ክፍተት ቡናው ይፈለፈላል ከማለት ይፈጫል ማለት ይቀላል፤ ወዲያው አቁመን ወደ 3 ከፈትነው። በዚህ ክፍተት ከወጡት 500 ፍሬዎችን አንስተን ቆጠርን፤ 38ቱ የተቆረጡ ወይም የተላጡ ናቸው፤ 7.6 በመቶ ማለት ነው። ጉዳቱ ሁሉ ከግራ ጫፍ ይመጣል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ሳይፈለፈል የሚያልፍ ይበዛል። በሉህ መለኪያ ስንለካው በግራ 3.0፣ በቀኝ 3.9 ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ፍሬሙ ነው። አንግል ብረቱ ሲበየድ ተጠማዞ የኩሽኔታ መቀመጫዎቹ በአንድ ደረጃ ላይ አልዋሉም፤ በሐምሌ መሐንዲሷ ያለችው ይህንኑ ነበር። ከኩሽኔታው ሥር የ0.5 እና የ0.4 ሚሊሜትር ስስ ቆርቆሮ አስገብተን አስተካከልነው። ለሚቀጥለው ፍሬም ብየዳው ከመሐል ወደ ዳር፣ በሰያፍ እየተፈራረቀ እንዲሄድ ቅደም ተከተሉ በድሮዊንጉ ላይ በቁጥር ተጽፏል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር የፍሬው መጠን ነው። በጎማ ማሳዎች 74110 የተባለው ዝርያ ከነባሩ ቡና ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ቁጥሩ የሚያመለክተው በፈረንጆች 1974 በተደረገው፣ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ ዛፎችን የመለየት ሥራ የተመረጠ መሆኑን ነው፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ለነባሩ በተስተካከለ ክፍተት ሳይፈለፈል ያልፋል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ክፍተት የለም። ስለዚህ ማስተካከያው ያለ ቁልፍ በእጅ እንዲዞርና ከጎኑ ባለ ሁለት ምልክት ሰሌዳ እንዲኖረው አደረግን፤ ያመለጠውም በወንፊት ተለይቶ እንደገና ይገባል።

በሦስተኛው ሙከራ ከ500 ፍሬ የተጎዱት 11 ብቻ ሆኑ። ፍጥነቱ ግን 100 ኪሎ በ15 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 400 ኪሎ ነው። የመቀበያውን በር በ20 ሚሊሜትር አሰፋነው፤ 480 ደረሰ። ለማኅበሩ እንዳለ ነገርናቸው፤ ተቀበሉ።

ጥቅምት 2

በሁለት ቀን መዘግየት ተረከቡ። ማሽኑ ከአይሱዙ ሲወርድ ግን ማታ የሚያድርበት መጋዘን ውስጥ አልገባም፤ ወርዱ 920፣ የበሩ ስፋት 800 ሚሊሜትር ነው። ከ11ዱ ጥያቄዎች አንዱም ስለ በር አይጠይቅም ነበር። የቺንጋው መከለያና የሞተሩ መቀመጫ ተፈትተው ገባ፤ ይህ በየማታው አርባ ደቂቃ ይወስዳል።

ጥቅምት 20

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለማየት ሄድን። ማሽኑ ይሠራል፤ የቺንጋው መከለያ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የወቀስኳቸው ቸኩዬ ነው፤ ቺንጋውን ለመወጠር አራት ብሎን መፍታት ግድ እንዲሆን ያደረግነው እኛ ነን፤ አዲስ ቺንጋ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ ይላላል። መከለያው በማጠፊያ እንዲከፈትና መወጠሪያው ከውጭ እንዲደረስ ይቀየራል።

እሸት የሚገለብጡት ሴቶች ናቸው። አንዲት እናት በኦሮምኛ የተናገሩትን የከበሮው ባልደረባችን ሲተረጉምልኝ፣ «ይህን የሠሩት ልጆች ቡና ተሸክመው አያውቁም» ማለታቸው ነው። የመቀበያው አፍ ከመሬት 1,450 ሚሊሜትር ነው፤ ሙሉ ጆንያ ከትከሻ በላይ ማንሳት ይጠይቃል። ይህን ከፍታ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ የወሰንኩትም ገለፈቱ በራሱ ክብደት እንዲወርድ የሚያስፈልገውን ዝቅታ በማስላት እንጂ የሰው ቁመት በማሰብ አይደለም። ለጊዜው የእንጨት መወጣጫ ሠርተንላቸዋል።

ኅዳር 6

ሒሳቡ ተዘግቷል። ማሽኑ የፈጀው 203,400 ብር ነው፤ ኪሳራው 18,400። ከዚህ ውስጥ 14,300ው የተገለበጠው ሳህን ስለሆነ፣ የምንዛሪውን ለውጥ ለሥራ አስኪያጁ እንደ ዋና ምክንያት ማቅረብ አልቻልኩም።

ማኅበሩ ሁለተኛ ማሽን አዝዟል። የመቀበያው አፍ ወደ 1,150 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ለዚህም የገለፈቱ መውጫ ወደ ጎን ይዞራል፤ ፍሬሙ ወደ ቱቦላሬ ይመለሳል፤ ወርዱ ከ760 አይበልጥም። መገጣጠሚያውን የምትሥለው የፍሬሙ መሐንዲስ ናት። በጥያቄው ገጽ ላይ ያሉት ጥያቄዎች 14 ደርሰዋል። አዲሱ ምሩቅ ነገ ጠዋት የሦስቱንም ቀበሌዎች መጋዘን በር ለመለካት ወደ አጋሮ ይሄዳል፤ የበሩን ስፋት ብቻ ሳይሆን የደፉንም ከፍታ እንዲለካ በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ።